በሽታን እንደ ጥይት

ዲላ ውስጥ ስለ ወረርሽኝ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ በሽታን አውቆ በሰው ላይ የበተነ አለ?» አለኝ። አለ አልሁት። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የጃፓን አውሮፕላኖች ኒንግቦ በምትባል የቻይና ከተማ ላይ ቸነፈር የያዘ ቁንጫ ጣሉ። የሞቱት ባለሱቆችና የቤት እመቤቶች ነበሩ እንጂ ወታደሮች አልነበሩም።

«በእኛስ ላይ?»

አንባቢ ሆይ፣ ለጥቂት ነው የተረፍነው። በየካቲት 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ በበሽታ ጀርም ለመዋጋት አስቦ የማርሻል ባዶሊዮን አሳብ ጠየቀ። ባዶሊዮ አይበጅም አለ። ርኅራኄ ነው እንዳይባል ግን፣ እሱ ራሱ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ በተከዜ በኩል የሰናፍጭ ጋዝ ያዘንብ ነበር።

በደቡብም እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ ዲላ ያለችበትን የሲዳሞን ግዛት ይገዙ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ጦራቸውን ወደ ዶሎ ግንባር ሲመሩ፣ የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ቦምብም መርዝም ጣሉባቸው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተደብድቦ ብዙ ቁስለኞች ካሉበት አለቁ።

የሰናፍጭ ጋዝ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። በቅጠልና በሣር ላይ ይቀመጣል፤ ሲነኩት ወዲያው አያቃጥልም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳ ይቆስላል፣ ዓይን ያብጣል፣ ሳንባ ይታፈናል። ከእንሰት ጓሮዋ ወጥታ በባዶ እግሯ ወደ ለገዳራ ወንዝ ውሃ ለመቅዳት የምትወርድ ሴት በመንገዷ ላይ እንዲህ ያለ ጠል ቢያጋጥማት ብላችሁ አስቡት። በተከዜ በኩል ለነበሩ ገበሬዎችና ከብቶቻቸው የደረሰው ይኸው ነው።

ጋዙንም ጀርሙንም በጦርነት የሚከለክለው የጄኔቭ ውል ግን በ1917 ዓ.ም. ተፈርሟል፤ ኢጣሊያም በ1920 አጽድቃዋለች። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚያው በጄኔቭ ስለ መርዙ ዝናብ ለመንግሥታቱ ማኅበር ተናገሩ። የኢጣሊያ የመከላከያ ሚኒስቴር ግን ነገሩን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ!

«ታዲያ ማን ተቀጣ?» አለ ልጁ።

ስለ ጋዙ የተቀጣ የለም። ባዶሊዮ በኢትዮጵያ ላይ ስላደረገው አንድም ፍርድ ቤት አልቀረበም። ግራዚያኒ በአገሩ ችሎት ቆሟል፤ የተከሰሰው ግን ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው።