ሞረድ የሚያዝበት ዓመት

በካፋዋ ቦንጋ ከተማ ልጁን ብረታ ብረት ሥራ ያስገባ ወላጅ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። «እስካሁን ቶርኖ ማሽን አላስነኩትም፤ ሞረድ ይዞ ብረት ሲፍቅ ነው የሚውለው» ይላል። የወላጅ ጭንቀት ይገባኛል። ይህን የመሰለ ዓመት ግን እንደ ባከነ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። ከለማጅነት ዘመን ሁሉ ሙያተኛውን የሚሠራው ይኸው የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ያ የተናቀው ሞረድ ነው።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። ሠልጣኙ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይመዘገባል፤ በትብብር ሥልጠና አሠራር ከጊዜው 70 በመቶውን ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶውን ኮሌጅ ውስጥ እንዲያሳልፍ ይታሰባል፤ ሲጨርስ ለብቃት ምዘና ይቀርባል። ካፋ ውስጥ «ድርጅት» ሲባል ውሽውሽን የመሰለ የሻይ ፋብሪካ ጥቂት ነው። በአብዛኛው በርና መስኮት የሚበይድ ቤት፣ ጋራዥ፣ ወይም የቡና መፈልፈያ የሚጠግን ባለሙያ ማለት ነው። ኮሌጅ ሳይረግጡ በቀጥታ ከባለሙያ ሥር የሚገቡም ብዙ ናቸው።

ወደ ሞረዱ ልመለስ። የአገራችን ሰው ሞረድን የሚያውቀው ገጀራና መጥረቢያ ሲስልበት ስለሆነ፣ መሳያ ብቻ ይመስለዋል። ሞረድ ቆራጭ መሣሪያ ነው። ፊቱ ላይ በሰያፍ የተደረደሩት ጥርሶች የሚቆርጡት ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ነው። ተጭኖ ወደ ኋላ የሚጎትት ሰው ብረቱን አይበላም፤ የሞረዱን ጥርስ ነው የሚበላው። ስለዚህ ለማጁ መጀመሪያ የሚማረው ሲመልስ ማቅለልን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ነው። ሞረዱ ሞርሳ ላይ በታሰረው ብረት ላይ ሲሄድ የሁለቱ እጆች ጫና ቦታ ይለዋወጣል። ሲነሣ ጫፉን የያዘው ግራ እጅ ይበረታል፣ መሐል ሲደርስ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፣ ሲጨርስ እጀታውን የያዘው ቀኝ እጅ ይከብዳል። ይህ ለውጥ ካልተጠበቀ ሞረዱ ይወዛወዛል፤ የብረቱ ዳርና ዳር ተበልቶ መሐሉ ያብጣል። አዲስ ለማጅ የሚሠራው ብረት ሁሉ መሐሉ ያበጠ ነው። ሰውነቱ ልኩን እስኪያገኝ፣ ግራ እግሩ ቀድሞ፣ ክንዱ ብቻ ሳይሆን ወገቡም እየሄደ፣ ለብዙ ሳምንታት ያንኑ መድገም አለበት። ይህን በቃል ማስተማር አይቻልም፤ ባለሙያው አጠገብ ቆሞ የልጁን ክርን በእጁ ይይዝና ያስኬደዋል።

ፈተናው የሚደረገው ብርሃን ላይ ነው። ለማጁ ብረቱን ጠርጎ ስኳድራ የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ያስደግፍበትና ወደ መስኮት ያነሣዋል። ብረቱ ካልተስተካከለ በመሐላቸው ብርሃን ሾልኮ ይታያል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 0.07 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይን በዚህ መንገድ ከዚያ እጅግ የቀጠነ ክፍተት መለየት ይችላል። ውድ መለኪያ የማይገዛ የቦንጋ ወርክሾፕ በአንዲት ስኳድራና በመስኮት ብርሃን ይህን ያህል ልክ ማግኘቱ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

«ማሽን ባለበት ዘመን ይህ ለምን?» የሚሉ አሉ። ማሽኑ ራሱ ከየት እንደመጣ ቢጠይቁ ጥሩ ነበር። ጆሴፍ ዊትወርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለንደን በሚገኘው የሄንሪ ሞድስሌ ወርክሾፕ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1840 ደግሞ ፍጹም ልሙጥ ገጽ በእጅ እንዴት እንደሚገኝ ለምሁራን ጉባኤ አቀረበ። ዘዴው ሦስት የብረት ገበታዎች ይፈልጋል። ሁለት ገበታዎች ብቻ ቢመሳከሩ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦም ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስተኛው ሲጨመርና እየተፈራረቁ ሲመሳከሩ ግን ሦስቱም ልሙጥ ካልሆኑ በቀር ሁሉም ከሁሉም ጋር ሊገጥሙ አይችሉም። ባለሙያው ቀለም ቀብቶ ያጋጥማቸዋል፣ ቀለም የነካውን ጉብታ በእጁ እየፋቀ ያወርዳል፣ መልሶ ያጋጥማል። የዛሬዎቹ ትክክለኛ ማሽኖች ዘር ማንዘር የሚቆጠረው ከእንዲህ ዓይነት ገበታዎች ነው። ጀርመን አገር ዛሬም የብረታ ብረት ሙያ ሠልጣኝ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞርሳ ፊት ቆሞ ሞረድ ይገፋል።

ካፋ ውስጥ ይህ ሙያ ከቡናው ጋር የተያያዘ ነው። የቡና መፈልፈያ ከበሮ ጉብ ጉብ ያለ ቆርቆሮ ለብሶ ይዞራል፤ ፊት ለፊቱ ካለው ብረት ጋር ያለው ጠባብ ክፍተት ቀዩን እሸት ጨምቆ ፍሬውን ያወጣል። ክፍተቱ ከጠበበ ፍሬው ይቆረጣል፤ ከሰፋ እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል። በአንድ በኩል ጠቦ በሌላው ከሰፋ ደግሞ ሁለቱም ጥፋት በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ብሎኑን የፈለጉትን ያህል ቢያጠብቁ አይስተካከልም፤ ምክንያቱም ብረቱ ራሱ ቀጥ አላለም። እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል።

በጊምቦ ወረዳ አንድ የቡና ማጠቢያ ቦታ፣ በለቀማው ወቅት ያየሁትን ላንሣ። መፈልፈያው በግራ በኩል ፍሬ እየቆረጠ አስቸግሯል። አንድ አዛውንት ባለሙያና የመጀመሪያ ዓመት ለማጅ የሆነች ልጅ መጡ። እሳቸው ብረቱን ፈትተው «ልጄ፣ ብርሃን ላይ እይው» አሏት። አየችና «ጋሼ፣ ወደዚህ ጫፍ አብጧል» አለች። ሞርሳ ላይ አስራ፣ ጠመኔ በተቀባ ሞረድ ጥቂት ገፋችበት፣ መልሳ አየችው፣ ደገመች። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ነበር፤ አንድ ጊዜም አልነኩትም። ማሽኑ በዚያው ከሰዓት ሥራ ጀመረ።

ጠመኔውን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ጥርሶቹ መሐል የሚሰነቀረው የብረት ፍቅፋቂ ገጹን ይጭረዋል፤ ጠመኔ ያንን ይቀንሳል፣ የሽቦ ብሩሽ ደግሞ የተሰነቀረውን ያወጣል። ቦንጋ ዝናብና እርጥበት የማይለያት አገር ስለሆነች ሞረድ ቶሎ ይዝጋል። ዝገት ፈርቶ ዘይት የሚቀባው ሰው ደግሞ ሞረዱ በብረቱ ላይ እንዲንሸራተት ያደርገዋል። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ከምድጃ ወይም ከሞተር አጠገብ፣ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። ሞረዶችን እርስ በርስ አጋጭቶ ሣጥን ውስጥ መወርወርስ? ብዙ ወርክሾፕ ውስጥ ይህን አያለሁ፤ ጥርስ በጥርስ ይበላላል። በሞረድ በር የሚፈለቅቁም አሉ፤ ሞረድ የጠነከረ ብረት ስለሆነ አይታጠፍም፣ ይሰበራል፣ ስብርባሪውም ዓይን ያጠፋል። ያለ እጀታ የሚሰጥ አሠሪ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። የሞረዱ ሹል ጭራ መዳፍ እንደሚወጋ እያወቀ ልጅ እንዲገፋበት ያደርጋል።

በዓመቱ ሌላም አለ፤ በሴጌቶ መቁረጥ፣ በትራፓኖ መብሳት፣ ካሊፐር ማንበብ፣ ብየዳ። እነዚህን የትኛውም መጽሐፍ በደንብ ስለሚያስረዳ አልዘገይባቸውም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ወላጆች «ሲፍቅ ነው የሚውለው» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የቆየ ንቀት ይሰማኛል። በካፋም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ቀጥቃጭ ብረት እየሠራ ሌላውን ሲያሳርስና ሲያበላ ኖሮ፣ ከማዕድ ሲለይና ሲገለል ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ያ አዋጅ ወጥቶም ብረት የሚፍቅን ልጅ «ምንም አልተማረም» የምንል ከሆነ፣ ስድቡን በሌላ ቃል ቀጥለንበታል።

ለማጅ የምትቀበሉ የወርክሾፕ ባለቤቶች፣ ልጁ በመጣበት ቀን እጀታው የጠበቀ የራሱን ሞረድ ስጡት፤ ሞርሳውንም ቁመቱ ከክርኑ ጋር እንዲስተካከል አድርጋችሁ እሰሩለት። ወላጆች ደግሞ ቶርኖ ነክቶ እንደሆነ መጠየቁን ተዉና የፋቀውን ብረት ወደ ቤት እንዲያመጣ ንገሩት፤ መስኮት አጠገብ ቁሙና ስኳድራ አስደግፎ ያሳያችሁ።