ጀሶው ከተፈታ በኋላ

የአጥንት መሳሳት አጥንት ጥግግቱንና የውስጥ መዋቅሩን ቀስ በቀስ አጥቶ በቀላል ምክንያት ለመሰበር የሚበቃበት ሕመም ሲሆን፣ በየቤቱም ሆነ፣ ይበልጥ በሚያሳዝን ሁኔታ፣ በየሕክምና ክፍሉ «የካልሲየም ማነስ» እየተባለ ይጠራል። ስያሜው ሕመሙን ወደ አንድ ማዕድን ጉድለት ስለሚያጠበው፣ ሕክምናውም ልጆች ከውጭ አገር በሚልኩት አንድ ብልቃጥ እንክብል የሚያልቅ ይመስላል፤ እናትም እንክብሉን እስከዋጡ ድረስ እየታከሙ ነው ተብሎ ይታመናል።

በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ በአጥንትና በጥርስ መገኘቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አጥንት አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር ሳይሆን ዕድሜ ልክ የሚፈርስና የሚታደስ ሕያው አካል ነው። አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ልክ የሚያስይዘው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሴቶች ሲያርጡ ስለሚቀንስ ፍርሰቱ ግንባታውን ይቀድመዋል፤ አፍራሹ ሳይገታ ለግንበኛው ድንጋይና ጭቃ ብቻ ቢከመርለት ግድግዳው ከመጉደል አይድንም። በአሜሪካ «የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ» በተባለው ጥናት ያረጡ 36,282 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በየቀኑ ለሰባት ዓመት ያህል እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የዳሌ አጥንት ጥግግት በጥቂቱ ቢሻሻልም የዳሌ ስብራት ከአጋጣሚ ልዩነት በሚያልፍ መጠን አልቀነሰም፤ የኩላሊት ጠጠር ግን በ17 በመቶ ጨምሯል።

ይህ ማለት ካልሲየም አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ከምግባቸው ቀድሞውኑ በቂ ያገኙ የነበሩ ናቸው። ከ50 ዓመት በላይ ላሉ ሴቶች በቀን 1,200 ሚሊ ግራም የሚመከር ሲሆን፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሸፍናል፤ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ወተት ለማይቀምሱ እናቶች ደግሞ ዳጉሳ፣ ጤፍና ጎመን ከቁም ነገር ሊቆጠሩ ይገባል። ምግቡ ካልበቃና እንክብል ካስፈለገም፣ አንጀት በአንድ ጊዜ በደንብ የሚቀበለው ከ500 ሚሊ ግራም ብዙም የማያልፍ መጠን ስለሆነ ከፋፍሎ መውሰድ ይሻላል። ካልሲየም ምግብ ነው፤ እንደ መድኃኒት መቆጠሩ ግን ጉዳት አለው።

ጉዳቱ በአንዲት የ68 ዓመት እናት ላይ በግልጽ ታይቷል። ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው በመዳፋቸው ተደግፈው ሲወድቁ የእጅ አንጓቸው ተሰበረ፤ ጀሶው ታሰረ፣ ተፈታ፣ «አይዞዎት እማማ፣ ዕድሜ ነው፤ ካልሲየም ይውሰዱ» ተብለው ተሰናበቱ። እንክብሉን አንድም ቀን ሳያጓድሉ ከዋጡ ከሦስት ዓመት በኋላ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተመለሱ።

ከቁመት በማይበልጥ ከፍታ የመጣ ውድቀት ጤነኛ አጥንትን እምብዛም አይሰብርም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ስብራት የቀጣዩን ስብራት ዕድል ወደ እጥፍ የሚያደርስ ማስጠንቀቂያ እንጂ የዕድሜ ጸጋ ወይም መጥፎ አጋጣሚ አይደለም፤ ሰሚ ያጣውም ሕመሙ እስከ ስብራት ድረስ ስለማያሳምም ነው። የአከርካሪ አጥንት እንኳ ተደርምሶ ቁመት ሲያጥርና ጀርባ ሲጎብጥ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሐኪም ሳያውቃቸው ያልፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው መለኪያ፣ ጥግግቱ ከወጣት ሴቶች አማካይ በ2.5 የመደበኛ ልዩነት ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ሲል የአጥንት መሳሳት አለ ይላል፤ ጥግግቱን የሚለካው መሣሪያ በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ግን በቀላል ውድቀት የተሰበረ ዳሌ ወይም አከርካሪ ያለ መሣሪያም ሕመሙን ይመሰክራል።

ፍርሰቱን የሚገቱ መድኃኒቶች አሉ፤ በሳምንት አንዴ የሚዋጠው አሌንድሮኔት ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ኩላሊትና የምግብ ቧንቧ ቀድመው ታይተው፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ተወስዶ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳይተኙ መቆየት ያስፈልጋል። የጠዋቱ ቡና ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ የካልሲየሙም እንክብል መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግደው ተራው ከምሳ ጋር ነው።