ድቀት ማብቃቱን ቀድሞ የሚያውቅ ማነው?

የካርቶን፣ የመዳብና የጊዜያዊ ሠራተኛ ገበያ ከይፋዊ መግለጫ ይቀድማል

በአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት መቼ ጀምሮ መቼ እንዳበቃ ቀን ቆርጦ የሚያሳውቀው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ የተባለው የግል ተቋም ነው። ይኸው ተቋም በዲሴምበር 2007 የጀመረው ድቀት በጁን 2009 ማብቃቱን ያስታወቀው ሴፕቴምበር 20 ቀን 2010 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይፋዊው ቃል የተሰማው እንግዲህ ሀገሪቱ ከድቀቱ ከወጣች 15 ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

በእነዚያ ወራት ገበያው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በጁን 2009 በለንደን የብረታ ብረት ገበያ ቶኑ 5,000 ዶላር አካባቢ ይሸጥ የነበረው መዳብ፣ መግለጫው በወጣበት ወር ከ7,500 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። መግለጫውን ጠብቆ ሊገዛ የወሰነ ነጋዴ ለመጠበቁ ብቻ በእያንዳንዱ ቶን 2,500 ዶላር ገደማ ከፍሏል ማለት ነው።

ተቋሙ የዘገየው በስንፍና አይደለም። የምርት፣ የገቢ፣ የሥራና የሽያጭ አኃዞች ተሰብስበው እስኪጣሩ፣ አንድ ጊዜ የወጡትም ተመልሰው እስኪታረሙ መጠበቅ ግዴታው ነው። ሥራው ታሪክን መመዝገብ ነውና ባይቸኩል አይፈረድበትም። ነጋዴው ግን ይህን ያህል ትዕግሥት የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። የመጋዘን ኪራይ፣ የባንክ ወለድና የሠራተኛ ደሞዝ በየወሩ ይቆጥሩበታል። ስለዚህም በየሀገሩ ያሉ ነጋዴዎችና ባለሀብቶች የገበያውን ማገገም ከዕለት ተዕለት ኑሮ ምልክቶች ለማወቅ ሲጥሩ ኖረዋል። ከምልክቶቹ የሚያዋጡም የሚያሳስቱም አሉ።

ለነገ የተባለ ግዥ

ድቀት ሲመጣ ሰው መብላቱን አያቆምም። የሚያቆመው ለነገ ሊባል የሚችለውን ግዥ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር የነበሩት አለን ግሪንስፓን የወንዶችን የውስጥ ሱሪ ሽያጭ እንደ ምልክት ይመለከቱት እንደነበር ይነገራል። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ምክንያቱ የጠና ነው። የውስጥ ሱሪ ሌላ ሰው የማያየው ልብስ በመሆኑ ኪስ ሲሳሳ «ይቆየኝ» ከሚባሉት የመጀመሪያው እሱ ነው። ሽያጩ መነሳት ሲጀምር አባወራው የባሰው ቀን አልፏል ብሎ ማመኑን ያሳያል።

በሌላው ጫፍ ያለው ምልክት ውድ ዕቃ ነው። በኢንዲያና ግዛት የምትገኘው ኤልክሃርት ከተማ መኝታና ማድቤት የተገጠመላቸውን የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች በማምረት ትታወቃለች። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በ2006 ለአከፋፋዮች ያስረከቧቸው እንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎች 390 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2009 ቁጥሩ ወደ 166 ሺህ ወረደ። በኤልክሃርት አካባቢም የሥራ አጡ ብዛት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከ15 በመቶ በላይ ደረሰ። በ2010 ግን ርክክቡ ወደ 242 ሺህ ተመልሷል። ያለዚህ ተሽከርካሪ መኖር የማይችል ሰው የለም። ስለዚህ ገዢው ሲመለስ ብድር መገኘት መጀመሩንና የነገ ገቢ መታመኑን አብሮ ይናገራል።

የሚያሳስተው ምልክት የከንፈር ቀለም ነው። የኢስቴ ላውደር ኩባንያ መሪ የነበሩት ሊዮናርድ ላውደር በ2001 ሴቶች ውድ ግዥ ሲተዉ በምትኩ የከንፈር ቀለም ይገዛሉ የሚል አስተያየት ሰንዝረው ነበር። ከዚያ ወዲህ የታየው ግን አንድ ዓይነት አልሆነም። በ2020 ዓለም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሲሸፍን ቀለሙም ገበያ አጣ። አንድ ዕቃ ከድቀት ሌላ ብዙ ነገር የሚነካው ከሆነ ለብቻው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀድማል

በአሜሪካ ሥራ አጥነት ከፍተኛውን 10 በመቶ የመታው በኦክቶበር 2009፣ ድቀቱ ካበቃ ከአራት ወራት በኋላ ነው። ይህን አኃዝ ብቻ ያየ ሰው ሁኔታው እየባሰ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። በዚያው መጸው ግን በአስቀጣሪ ድርጅቶች በኩል ለጊዜው የሚቀጠሩ ሠራተኞች ቁጥር መነሳት ጀምሮ ነበር። የጠቅላላው ሠራተኛ ቁጥር መነሳት የጀመረው 2010 ከገባ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ለማንኛውም ቀጣሪ ግልጽ ነው። ትእዛዝ መጣለት፤ ይቀጥል እንደሆነ ግን አላመነም። ስለዚህ መጀመሪያ ያሉትን ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ያሠራል፣ ቀጥሎ ለጊዜው ይቀጥራል፣ ቋሚ ቅጥር የመጨረሻው ነው። ሲከፋም ቀድሞ የሚሰናበተው ጊዜያዊው ነው። ስለሆነም የገበያ ሰው ጆሮውን መጣል ያለበት ወደ ትርፍ ሰዓቱና ወደ ቀን ሠራተኛው ነው።

ካርቶን፣ መርከብና መዳብ

ከሳሙና እስከ ቴሌቪዥን በካርቶን ያልታሸገ ዕቃ ጥቂት ነው። ፋብሪካ ካርቶን የሚያዘው ዕቃውን ከመላኩ በፊት በመሆኑ የካርቶን ትእዛዝ ከሽያጭ አኃዝ ይቀድማል። ያገለገለ ካርቶን ዋጋም እንዲሁ የወረቀት ፋብሪካዎችን ፍላጎት ይከተላል።

የመርከብ ጭነት ዋጋም ተመሳሳይ ወሬ ይዞ ይመጣል። ለንደን የሚወጣው የባልቲክ የደረቅ ጭነት መለኪያ ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና እህል የሚጭኑ መርከቦችን የኪራይ ዋጋ ያሳያል። መለኪያው በሜይ 2008 ከ11,700 በላይ የነበረ ሲሆን በዲሴምበር ከ700 በታች ወደቀ። በጁን 2009 ደግሞ ከ4,000 በላይ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ምስክር ነበር። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2016 እስከ 290 ሲወርድ ዓለም በድቀት ውስጥ አልነበረችም። በደጉ ዘመን የታዘዙ መርከቦች ተሠርተው በመምጣታቸው ገበያው በመርከብ ተጥለቅልቆ ነበር። ዋጋ ሲወርድ ፈላጊ ጠፋ ወይስ አቅራቢ በዛ ብሎ ያልጠየቀ ሰው በዚያ ዓመት በተሳሳተ ነበር።

የሽቦ፣ የሞተርና የቤት ግንባታ ጥሬ ዕቃ የሆነው መዳብም በ2008 አጋማሽ ከ8,500 ዶላር በላይ የነበረው ቶን በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ3,000 በታች ወርዶ፣ በ2009 መጨረሻ ከ7,000 በላይ ተሸጧል። በዚህ መነሳት ውስጥ የቻይና መንግሥት የግንባታ ወጪ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ መዳቡ የተናገረው ከአሜሪካ ይልቅ ስለ ቻይና ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ እኛ ገበያ ስንመጣ

በኢትዮጵያ የድቀትና የማገገም መነሻ ለረጅም ጊዜ ዝናብ ሆኖ ቆይቷል። ከ2002 ድርቅ በኋላ በነበረው ዓመት የሀገሪቱ ምርት በ2 በመቶ ገደማ ቀንሶ፣ በ2004 ከ13 በመቶ በላይ ማደጉን የዓለም ባንክ መዝገብ ያሳያል። መኸሩ ሲሰምር ገበሬው እህሉን ሸጦ የጣራ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ልጆቹን ያለብሳል፣ በጥርና በየካቲት ይደግሳል። ስለዚህ ለመርካቶው ጅምላ ነጋዴ የመጀመሪያው ምልክት የአዲስ አበባ ሸማች ሳይሆን የክፍለ ሀገር ደንበኛው ትእዛዝ ነው።

ቡናም እንዲሁ ይመሰክራል፤ ሆኖም ምስክርነቱ መጣራት አለበት። በ2008/09 የበጀት ዓመት ከቡና የተገኘው ገቢ ከ525 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 376 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደነበረበት ተመልሷል። በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ ድቀት ነበረ። ይሁን እንጂ ጃፓን በቡናው ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዥዋን መቀነሷና የቡና ግብይቱ ወደ ምርት ገበያ መዛወሩም በዚያው ጊዜ የተከሰቱ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን ብር ነው። በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በጁላይ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመደብሩ ሽያጭ በብር እጥፍ ሆኖ በቁጥር ግን ሊቀንስ ይችላል። «ዘንድሮ ጥሩ ሸጥን» ያለ ነጋዴ ስንት ኩንታል፣ ስንት ካርቶን፣ ስንት ጥቅል ብሎ ካልቆጠረ፣ በተገኘው ብር መጋዘኑን መልሶ ሊሞላ ሲሞክር ነው እውነቱን የሚያውቀው።

በብዛት ከሚቆጠሩት የቅርብ ምልክቶች ውስጥ ዱቤ ዋነኛው ነው። በ30 ቀን ይከፍል የነበረ ቸርቻሪ ወደ 60 ቀን ሲሄድ ገበያው መቀዝቀዙን፣ ወደ 30 ሲመለስ ማንሰራራቱን ይናገራል። የእቁብ ዕጣ የደረሳቸው አባላት መዋጮአቸውን በቀኑ መክፈላቸው፣ ቁራሌው በቀን የሚሰበስበው ካርቶን መብዛቱና ጭነት አውራጁ ከሰዓት በኋላም ሥራ ማግኘቱ የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

ችኮላም ያስከፍላል

መዘግየት እንደሚያስከፍል ሁሉ መቸኮልም ያከስራል። በአሜሪካ በጃንዋሪ 1980 የጀመረው ድቀት በጁላይ አብቅቶ ምልክቶቹ ሁሉ መነሳት ጀምረው ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ ግን ከዋጋ ንረት ጋር የጀመረውን ትግል አላቆመም። ባንኮች ለታማኝ ደንበኞቻቸው የሚያበድሩበት ወለድ በዲሴምበር 1980 21.5 በመቶ ደረሰ። በጁላይ 1981 ሌላ ድቀት ጀምሮ እስከ ኖቬምበር 1982 ዘለቀ። በመካከሉ ባሉት 12 ወራት ተበድሮ መጋዘኑን የሞላ ነጋዴ ምልክቶቹን በትክክል አይቶም ከስሯል። ያላየው ወለዱን ነው።

ስለዚህ ምልክት ያየ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አራት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይጠቀማል። ያደገው ብዛቱ ነው ወይስ ዋጋው? ለውጡ ከፈላጊ በኩል መጣ ወይስ ከአቅራቢ? እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሁለት ገበያዎች፣ ለምሳሌ የቆርቆሮውና የጫማው፣ አንድ ነገር እየተናገሩ ነው? የብድሩ ወለድስ ምልክቱ የተሳሳተ እንደሆነ መልሶ ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያለፉትን ሦስት ወራት የዱቤ መዝገብ ከዓምናው ጋር በብር ሳይሆን በዕቃ ብዛትና በመክፈያ ቀን ማስተያየት ይበቃል። ይህ ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጅ ሥራ አይደለም፤ ባለመደብሩ ራሱ ሊሠራው ይችላል።