ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ስሜት በምን ይለካል?

«ስሜታዊ ብልህነት» የራስንም ሆነ የሌላውን ስሜት የመከታተል፣ የመለየትና በዚህም አስተሳሰብንና ተግባርን የመምራት ችሎታ መሆኑን ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በ1990 ጽፈዋል። ችሎታ ከተባለ መለኪያ መፈለጉ አልቀረም። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች በእነዚህ መለኪያዎች ከእኩዮቻቸው ያነሰ ውጤት ማምጣታቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህን የሰማ ወላጅ «ልጄ ስሜት የለውም ማለት ነው?» ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የተገኘበትን መንገድ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

በሰፊው ከሚታወቁት ፈተናዎች አንዱን ያዘጋጁት እንግሊዛዊው ሳይመን ባሮን-ኮኸንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2001 የወጣው የልጆች ፈተና 28 ፎቶግራፎች አሉት፤ በእያንዳንዱ የሚታየው የዓይን አካባቢ ብቻ ነው። ልጁ ከአራት አማራጮች መካከል የሰውየውን ስሜት ይገልጻል ያለውን ይመርጣል። ታዲያ ስሜቱን አውቆት ቃሉን ባያውቀውስ? ቤቱ አማርኛ እየተናገረ በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ፣ የእናቱ ሆድ ሲባባ ወዲያው እየገባው፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ባዕድ ቃል ሊስተው ይችላል። ያን ጊዜ ከስሜታዊ ብልህነቱ ይልቅ የተለካው የቋንቋ ዕውቀቱ ነው። የሰውን ዓይን ማየት የሚከብደው ልጅም በዚህ ፈተና ገና ከጅምሩ ይቸገራል።

ሌላው መንገድ መጠይቅ ሲሆን፣ አንዳንዱን ልጁ ራሱ፣ አንዳንዱን ወላጅ ይሞላዋል። እዚህ ላይ አሌክሲቲሚያ የሚባለውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ይኸውም የሚሰማን ስሜት ለይቶ በቃል ለመግለጽ መቸገር ነው። በ2019 የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ይህ ችግር የሚታየው በግማሽ ያህሉ ላይ ነው። ጄፍሪ በርድና ሪቻርድ ኩክ የተባሉ ተመራማሪዎችም በ2013 በኦቲዝም የሚሳበበው የስሜት ችግር በአብዛኛው ምንጩ አሌክሲቲሚያ መሆኑን ተከራክረዋል። ስለዚህ ሁለት ልጆች እኩል ውጤት ቢያመጡም ምክንያታቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል።

ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዴሚያን ሚልተን ደግሞ በ2012 አለመግባባቱ የሁለት ወገን መሆኑን አመልክተዋል። ደስ ሲለው እጆቹን የሚያርገበግብን ልጅ ስሜት ጎረቤቱ ባያነበው፣ ለጎረቤቱ ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጥ የለም!

ውጤት የተነገረው ወላጅ ፈተናው በየትኛው ቋንቋ እንደተሰጠ፣ መጠይቁን ማን እንደሞላና አሌክሲቲሚያ መታየት አለመታየቱን ባለሙያውን ሊጠይቅ ይገባል። ልጁ ሲከፋው ወይም ሲደሰት ቤት ውስጥ የሚያሳየውን ምልክትም መዝግቦ ይዞ ቢሄድ መልካም ነው።