የገናና የጥምቀት ወቅት በመንዝ ደጋ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የገናና የጥምቀት ወቅት የሚባለው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ትልልቆቹ በዓላት ተከታትለው የሚውሉት የሌሊቱ ብርድ በሚበረታበት በዚህ ወቅት ነው። አጨዳው አልቆ፣ የበልግ እርሻ ገና ሳይጀመር ያለ ክፍተት ስለሆነም ለሠርግና ለዘመድ ጥየቃ ይመቻል።

ወቅቱ በጋ እንጂ ክረምት አይደለም። የአውሮፓን የገና ሰሞን «ክረምት» ብለው የሚተረጉሙ ጽሑፎች ብዙ አንባቢ ያሳስታሉ። በአልፕስ ተራሮች ገና የበረዶ ወቅት ነው፤ ለመንዝ ገበሬ ግን ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ፣ ጭጋግና ጭቃ ነው። የገና ብርድ የሚመጣው ከጠራ ሰማይና ከደረቅ ነፋስ ጋር ነው።

== ውርጭ ==

በኢትዮጵያ ባህላዊ የአየር ንብረት አከፋፈል ከደጋ በላይ ያለው፣ ከ3,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ የሚቆጠረው ክልል ራሱ «ውርጭ» ይባላል። በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የጓሳ አምባ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ ሙሉ በሙሉ በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃል።

በበጋ ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬቱ ቀን ከፀሐይ የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት የሚጋርድለት የለም። የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ከዳገቱ እየወረደ በሜዳውና በረግረጉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ዳገቱ ደህና ሆኖ ሳለ ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች በወረደበት ሌሊት ማግስት እረኛው ረፋድ ላይ ጋቢውን አውልቆ በትከሻው ሊጥል ይችላል። በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ልዩነት በታኅሣሥና በሐምሌ መካከል ካለው ይበልጣል።

ከፍታም ለውጥ ያመጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ዓለም ከተማ ከጓሳ አናት ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል፣ እዚያ ገናን የሚያከብር ሰው ከመንዝ ዘመዱ ያነሰ ልብስ ይበቃዋል። ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ የወረደማ ቆላ ገባ።

ውርጭ ለገበሬው የበዓል ድምቀት ብቻ አይደለም። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ወይም ባቄላ ፍሬ ሳይቋጥር ውርጭ ከመታው አዝመራው ይጠፋል። በገና ዋዜማ ጎተራው ሙሉ ወይም ባዶ የሚሆነው ከጥቅምት ጀምሮ በሚያልፉት ጥቂት ሌሊቶች ነው።

== ገና ==

ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ኅዳር 15 ቀን የተጀመረው ጾመ ነቢያት የሚፈታው በዚህ ዕለት ነው። ጎረቤት ተሰባስቦ ቅርጫ ይገባል ወይም በየቤቱ በግ ይታረዳል፤ ከገብስ የተጠመቀ ጠላና አረቄ ይቀርባል። ዛፍ በሌለበት አምባ ማገዶው በአብዛኛው ኩበት ነው።

የገና ጨዋታ አጨዳ ባለቀበት ማሳ ላይ ይደረጋል። ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው የሚከፈሉ ወንዶች ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን ይመታሉ። በጨዋታው ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚለው የቆየ ልማድ በመላው ደጋ የታወቀ ነው።

== ከተራና ጥምቀት ==

ከሁሉም የሚከብደው የከተራ ሌሊት ነው። «ከተራ» የሚለው ስም ከመከተር የመጣ ነው፤ በበጋ ወንዙ ስለሚሳሳ፣ ለጥምቀቱ የሚበቃ ውኃ እንዲጠራቀም ምእመናን ምንጩን ይገድባሉ። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው በድንኳን ያድራሉ፤ ካህናቱና ሕዝቡም አብረው ያድራሉ። ባሕረ ጥምቀቱ ብዙ ጊዜ ውኃ ባለበት ዝቅተኛ ስፍራ ስለሚሆን ሌሊቱ የሚያልፈው ቀዝቃዛው አየር በሚተኛበት ቦታ ላይ ነው። ጥር 11 ቀን ማለዳ የሚረጨው ውኃም ያደረበትን ብርድ ይዞ ነው። የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ያን ሌሊት የሚያሳድረው የበግ ጠጉር ነው። የመንዝ በግ አነስ ያለ፣ ጭራው የሰባና ጠጉራም ነው። ጠጉሩን ሴቶች ፈትለው፣ ሸማኔ ሠርቶት በርኖስ፣ ባና ወይም ዝተት ይሆናል። በርኖስ በትከሻ ይጣላል፤ ባናና ዝተት ለመኝታ ናቸው።

== ጓሳ ==

ቤቱን የሚያሞቀው ደግሞ ጓሳ ሣር ነው፤ አምባው ስሙን ያገኘው ከዚህ ሣር ነው። ከድንጋይ የተሠራው የመንዝ ቤት በጓሳ ይከደናል፤ ገመድና የእረኛ ገሳም ይሠራበታል። ሣሩ እንዳያልቅ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በተባለ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች በአጽመ ርስታቸው መሠረት አምባውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው ያቆያሉ፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ይታጨዳል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቀሮም መሠረቱን አጣ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ነዋሪዎቹ አዲስ የጋራ አስተዳደር አቋቁመው ጥበቃውን መለሱ፤ ዛሬ ስፍራው የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ይባላል።

ብዙ ቤት አሁን ቆርቆሮ ለብሷል፤ ቆርቆሮ ዝናብ ቢመልስም የጥርን ሌሊት አይመልስም።

በወቅቱ ጓሳን የሚጎበኝ ሰው ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ይደርሳል፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደል አፋፍ አሳልፈው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሣሩ ይወጣሉ፤ በበጋ ለምለም ሣር ሲያጥራቸው ሥር ይቆፍራሉ። በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረው ቀይ ቀበሮም ቡችሎቹን የሚያሳድገው በዚሁ ሰሞን ነው። ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ ብዙ አይጥ እንደሚይዝ አሳይቷል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን እምብዛም አይነካም።