በጨጓራ የሚቆይ የደም ግፊት መድኃኒትና የጾም ሰዓት

የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ የሚችል ሕመም ነው፤ ሳይታከም ሲቀር ግን አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። መድኃኒቱ በየዕለቱ ሳይቋረጥ የሚወሰድ በመሆኑ፣ በአጽዋማት ወቅት ምእመናን “መቼ ልውሰደው?” ሲሉ አስቀድመው የሚጠይቁት የንስሐ አባታቸውን ነው። ለመልሱ የሚረዳ አንድ ጉዳይ በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን።

አንዳንድ መድኃኒቶች በሚገባ ወደ ደም የሚገቡት በትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ነው። ከዚያ ፈጥነው ካለፉ ጥቅማቸው ይቀንሳል። ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት ደግሞ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይወሰዳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በጨጓራ ቆይቶ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅ ክኒን ለመሥራት ሲጥሩ ቆይተዋል። አንደኛው ስልት ተንሳፋፊ ክኒን ነው፤ በውስጡ ያለው ሶዳ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ አየር ይፈጥራል፤ ክኒኑም አብጦ አየሩን በመያዝ በፈሳሹ ላይ ይንሳፈፋል። ሌላው ስልት ክኒኑ በጣም አብጦ በጨጓራው መውጫ እንዳያልፍ ማድረግ ነው።

ምግብ ያለበት ጨጓራ እንዲህ ያለውን ክኒን ይዞ ያቆየዋል። ባዶ ጨጓራ ግን ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ በብርቱ እየተኮማተረ ራሱን ይጠርጋል፤ ክኒኑንም አብሮ ሊያወጣው ይችላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምእመን ይህን ክኒን በማለዳ ቢውጠው የታሰበለትን ጥቅም ላያገኝ ይችላል። በአንጻሩ ተራው ካፕቶፕሪል ከምግብ 1 ሰዓት በፊት እንዲወሰድ ይመከራል።

በየፋርማሲው የሚገኙት አብዛኞቹ የግፊት ክኒኖች በጨጓራ የሚቆዩ አይደሉም። ሆኖም ለሁሉም የሚሆን አንድ ሰዓት እንደሌለ ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት የሚከተለውን እንዲያስተምሩ እናሳስባለን።

ምእመኑ ጾም ከመግባቱ በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ አሳይቶ፣ ከምግብ ጋር ወይም በባዶ ሆድ መወሰዱን ይጠይቅ። በዝግታ የሚለቅ ክኒን አይፈጭ፣ አይታኘክም፤ የሙሉ ቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ተለቅቆ ግፊቱን በድንገት ሊያወርደው ይችላልና። በራሱ ፈቃድም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

መድኃኒት መውሰድ ጸበልን መናቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው የጾምን ሥርዓት ታቀልላለች፤ ይህንንም ከንስሐ አባቱ አንደበት የሰማ ምእመን መድኃኒቱን ያለ ኅሊና ወቀሳ ይወስዳል።