ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው?

«ስኳር የከተማና የወፍራም ሰው በሽታ ነው» የሚለው ወሬ በጭልጋ ያለችው አይከል ከተማም ደርሷል። በጭልጋ ገጠር ይህ እምነት ሰው ይገድላል። የጎንደር ሐኪሞች ለዓመታት ከገጠር ሲቀበሏቸው ከኖሩት የስኳር ታካሚዎች ብዙዎቹ ቀጫጭን ወጣት ገበሬዎች ናቸው፦ ውሃ የማያረካቸው፣ ሌሊቱን ሽንት የሚያመላልሳቸው፣ እየበሉ የሚከሱ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን ስኳር «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ለይቶታል። ቤተሰብ ወባ ነው፣ ቲቢ ነው ሲል ቀኑ ይባክናል፤ ከጣት ጫፍ የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ግን ወዲያው ይለየዋል።

ስኳር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ከማለት ደግሞ የጎረቤትን ኪኒን መዋስ ይመጣል። ግሊበንክላማይድ የተባለው የስኳር ኪኒን የሚሠራው ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ በመገፋፋት ነው፤ ቆሽቱ ማመንጨት ላቆመ ወጣት አይጠቅምም። የታዘዘለት ሰው እንኳ ጠዋት ውጦት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም ሊያልበው፣ ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ሌላው ኪኒን ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን እንዲህ የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው፤ ነገር ግን የኩላሊት ምርመራ ይፈልጋል። ሁዳዴ ወይም ረመዳን ሳይገባ የክትትል ካርድንና የኪኒኑን ማሸጊያ ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ኢንሱሊን የጀመረ አለቀለት» የሚሉም አሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ቆሽታቸው ሥራ ያቆመ ልጆች ብዙም ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። ሲታመም «ምግብ አልበላሁም፣ አልወጋም» ብሎ የሚተው ሰው ደሙ አሲዳማ እየሆነ ይሄዳል። መጠኑን ባለሙያ ያስተካክለዋል እንጂ መርፌው በራስ ውሳኔ አይቋረጥም። ጠበል የሚሄድም መርፌውን ይዞ ይሂድ።

«ፍሪጅ ለሌለው ገበሬ ኢንሱሊን አይሆንም» የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፤ ሰውን ተስፋ አስቆርጦ ወደ ቤቱ ይመልሰዋልና። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የተከፈተው ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። አይከል ወይና ደጋ ነው፤ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ይበረክታል። ችግሩ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሲወረድ ነው። እዚያ የቆላው ሙቀት ኢንሱሊኑን ያበላሸዋል፣ የቀን ሥራው ደግሞ ስኳሩን ያወርደዋል፤ አይከል ላይ የሚወስደው መጠን እዚያ ሊበዛበት ይችላል። የሚወርድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ነርሱን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ በሥራ ቀን መጠኔ ምን ያህል ይሁን? መድኃኒቴ ቢያልቅ ወይም ቢበላሽ እዚያ ከየትኛው ጤና ጣቢያ ላግኝ? ከኪሱም ስኳር ወይም ከረሜላ አይለይ፤ አብረውት የሚያጭዱትም ማላብና መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ቶሎ እንዲያቀምሱት ቀድሞ ይንገራቸው።